የጠበቃው ቆብ

ታሪኬን ዛሬ ለምትሰሙኝ መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። የምሠራው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ነው፤ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥላ ባለችው፣ አንድ ምድጃና አንድ የስፌት መኪና ባላት ጠባብ ክፍል። ራሳቸው ተከፍቶ ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው ሰዎች መከላከያ እሠራለሁ። አንጎል ሲያብጥ ቦታ እንዲያገኝ ብለው ሐኪሞቹ ከራስ ቅል ላይ ቁራጭ አጥንት ያነሱና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡታል። እብጠቱ ጎድሎ አጥንቱ እስኪመለስ ድረስ ሰውየው በአንድ ወገን ከቆዳ በቀር ምንም ሳይጋርደው ወራት ይቆያል። ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የሚልኩት። ፎቅ ላይ ያሉት ሄልሜት ይሉታል፤ እኔ ቆብ ነው የምለው። አባቴ ጫማ አዳሽ ነው፣ ቆዳና መርፌ ያስተማረኝ እሱ ነው። ምላሴንም ከእሱ ነው የወረስሽው ይሉኛል፤ እሱ ደግሞ ከእናትሽ ነው ይለኛል፣ እሷ በሕይወት ስለሌለች ማን ይመልስለት።

ጠበቃውን ያወቅሁት ከአራት ወር በፊት ነው። የመኪና አደጋ ደርሶበት፣ በግራ በኩል አጥንቱ ተነስቶለት፣ በእናቱና በሹፌራቸው ታጅቦ መጣ። እናቱን እትዬ ነው የምላቸው። መሀል ከተማ ላይ ሁለት ሕንጻ አላቸው አሉ፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ያየሁት በርጩማዬን በመሐረባቸው ጠርገው ልጃቸውን ሲያስቀምጡ ነው። ደሜ ፈላ። በርጩማዬ ንጹሕ ነበር።

አደጋው የወሰደበት አጥንት ብቻ አልነበረም፤ ቃላትም ይጠፉበታል። ፍርድ ቤት ቆሞ ግማሽ ቀን ይከራከር የነበረ ሰው ማንኪያ ለማለት ቁልፍ ይላል። የራሱን ልክ ለመውሰድ በጀሶ የተነከረ ፋሻ ስጠቀልልበት ባለሙያ ሊለኝ ፈለገና ቃሉ ጠፋበት፤ ብዙ ቆይቶ፣ «አንቺ… ልብስ ሰፊ» አለኝ።

«አልተሳሳቱም፤ የራስ ልብስ ነው የምሰፋው» ስለው ሳቀ። ሳቁ ምንም አልጎደለበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሰፊዋ ሆኖ ቀረ፤ እኔም በሦስተኛው ሳምንት «እርስዎ» ማለቱን ተውኩት።

ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር የሚመጣው። እትዬ ከጎኑ ተቀምጠው ገና አፉን ሲከፍት ይጨርሱለታል። «የ…» ሲል «የራስ ምታት ነው፣ ሌሊት አልተኛም» ይላሉ። ስለ መስኮቱ ሊጠይቅ ፈልጎ ስለ ራስ ምታቱ ይነገርለታል። እኔ እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ አልቸኩልም። ክሬን እየቆረጥኩ ቃሉ እስኪመጣለት እጠብቀዋለሁ፤ ሲመጣለት ዓይኑ ቦግ ይላል። ያንን ለማየት ስል ሰኞን እጠላ ጀመር። እንግዲህ ወደድኩት ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ከአንድ ወር ወዲህ ግን ፊቱ ተለወጠ። ቆቡን አውልቆ ሲሰጠኝ እጆቼን ትክ ብሎ ያያል፤ ውስጡን በመድኃኒት ጠርጌ ስመልስለት ዓይኑን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ባለፈው ሳምንትማ ቀልድ ብጤ ጣል ባደርግለት ለጨዋነት ያህል እንኳ ፈገግ አላለም። በቃ፣ ዳነ ማለት ነው አልኩ። የዳነ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ያስታውሳል። የጫማ አዳሽ ልጅ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነች መርሳት አልነበረባትም።

አጥንቱ የሚመለስበት ቀን ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። ቆቡን አውልቄ ራሱን ሳይ፣ በግራ በኩል ባዶው ቦታ ጠርዝ ላይ ቀይ ምልክት አገኘሁ። የጣት ስፋት አለው፤ ጫን ስለው ቆዳው ይሞቃል። ቆቡን የሠራሁት ግራው ምንም እንዳይነካ አድርጌ ነው፤ አራት ወር ሙሉ አልነካም። ቆቡ ካልተለወጠ የተለወጠው ራሱ ነው። ራሱ ከተለወጠ አብጧል ማለት ነው፤ ያበጠ ራስ ላይ ደግሞ አጥንት አይመለስም።

«ያምሃል?»

ትከሻውን ነቀነቀ።

«ቆቡ ትንሽ ጠበበው፣ ሌላ ምንም የለበትም» አሉ እትዬ።

ምን በወጣኝ ዝም ብል ይቀል ነበር። ግን ስልኩን አንስቼ ዶክተሩን ጠራሁት። ወርዶ አየ፣ ምልክቱን ለካ፣ ፊቱ ከበደ። «ሐሙስ ይቅር። ነገ ጠዋት የሲቲ ስካን ራጅ ይነሳና እናያለን። ዛሬ እዚሁ ይተኛ» አለ።

ዶክተሩ ሲወጣ እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ከፍ ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ዓይን አለኝ። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ልጄን እንዴት እንደምታዪው አያለሁ። እንዳይድንብሽ ነው አይደል የፈለግሽው?»

እሱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሰምቷል። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። «አይ… እማ…» አለና ጠፋበት። ሹፌሩ ክንዱን ይዞ ወሰደው።

እኔ ምላሰኛዋ ፊቴን ወደ ስፌት መኪናዬ አዞርኩ። ምክንያቱም ከሁለት ቀን በፊት፣ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ፣ ሐሙስ ባትመጣ ምን ነበረበት ብዬ ነበር። ይህን የሰማኝ አልነበረም፤ እትዬ ግን የሰሙኝ መሰለኝ። ምልክቱን ያየሁት በዓይኔ ነው ወይስ በምኞቴ? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሥራዬን ስጠረጥር የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንደዚያ የሚያም ነገር አላውቅም።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት አባቴ ሱቅ ሄድኩ። ሱቅ ማለት ሁለት ሰው ከነጉልበቱ የማይይዝ ቦታ ነው። ጫማ ጭኑ ላይ እንደያዘ ሰማኝ፤ ስለ ምልክቱ፣ ስለ እትዬ፣ ስለ አውቶቡሱም ጭምር ነገርኩት። አባቴ ለማጽናናት አይቸኩልም፤ መጀመሪያ አንድ ሚስማር መታ።

«ሰው ጫማዬ ጠበበኝ ብሎ ሲመጣ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ።

«እግሩን ታያለህ።»

«ይኸው፣ ስንት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ አላየሽኝም። እጄን ጫማው ውስጥ አስገባለሁ። አንዱ የልጁን ካልሲ ረስቶበት አንድ ወር ሙሉ እያነከሰ ዞሯል። አንቺ እጅሽን አስገባሽ?»

አላስገባሁም። ልንገራችሁ፣ ከቆቡ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ በየሁለት ሳምንቱ መቀየር አለብኝ፤ ለታማሚዎቼም እንደዚያ ብዬ ነው የምነግራቸው። ግን መጋዘኑ ስፖንጅ መስጠት ካቆመ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ እኔም ላዩን በመድኃኒት እየጠረግሁ እመልስ ነበር። ጠበቃው ይህን አያውቅም፤ ማን ይነግረዋል።

የተመለስኩት በሩጫ ነው። ዶክተሩ በር ላይ አገኘኝ። «ራጁ ንጹሕ ነው» አለኝ፤ «ምንም እብጠት የለም። ቆብሽን እይ።» ደስታና ኀፍረት አንድ ላይ መጡብኝ፤ ወደ ክፍሌ ወረድኩ።

መደርደሪያዬ ላይ የእሱ የጀሶ ራስ አለ፤ በልኩ የተቀዳ፣ በግራ በኩል እንደ መዳፍ ጎድጎድ ያለ። ትናንት እኔ ዘንድ የቀረውን ቆብ ደፋሁበት። ወደ ግራ ዘመመ፤ ጠርዙ ልክ ቀዩ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ አረፈ። ቀኙ ነበር የሚገፋው። የቀኙን ስፖንጅ ነቀልኩት፤ ከጀርባው አራት ወረቀት፣ ተጣጥፎ ተጣጥፎ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቧል።

የታችኛውን ፈታሁት። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ከመስመር ይወጣል፣ የተሰረዙ ቃላት ሞልተውታል። «በር» ይልና ተሰርዞ «ስፖንጅ» ይሆናል።

«ሰፊዋ፣ ስፖንጁ ቤት ተነቀለና ጀርባውን አነበብኩ። ‹ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ከኋላ ለስለስ ይበል› ብለሽ ጽፈሻል። እንደዚያ እንደምስቅ አላውቅም ነበር። ሌሎቹ የሚጽፉት የጎደለኝን ብቻ ነው። በአፌ ልንገርሽ ብል እናቴ ትጨርስልኛለች። ስለዚህ እዚህ አስቀመጥኩት፤ ስትቀይሪ ታገኚዋለሽ።»

ለራሴ ማስታወሻ ብዬ ነበር የጻፍኩት። የማንኛውንም ሰው ልክ እንደዚያ እጽፋለሁ፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው፦ «ባለፈው ማክሰኞ ቆቡን ወሰድሽ፣ ጠረግሽ፣ መለስሽልኝ፣ ምንም አላልሽም። እናቴ ስለነበረች ይሆናል። አንድ ገጽ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ቃል ሲጠፋብኝ ሁሉም ይቸኩላል፤ አንቺ ክር ትቆርጫለሽ። ክር ስትቆርጪ ቃሌ ይመጣል። እወድሻለሁ። ይቺን አንዴም አልሰረዝኳትም።»

እውነት ነው፣ አልተሰረዘችም። በዚያ ሁሉ ስርዝ ድልዝ መሀል ብቻዋን ንጹሕ ሆና ተቀምጣለች።

ሦስተኛው፦ «አንብበሽ ዝም ካልሽ ገባኝ። ራሱ የጎደለ፣ ቃሉ የጎደለ ሰው ማን ይፈልጋል። አላዘንኩብሽም።» ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀን፣ በሌላ እስክሪብቶ፦ «ዋሸሁ። አዝኛለሁ።»

አራተኛውን ቆሜ ማንበብ አልቻልኩም፣ እሱ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። «ሐሙስ አጥንቴን ይመልሱልኛል። ሁሉም እንኳን ደስ አለህ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ወደ ምድር ቤት የምወርድበት ምክንያት የለኝም። ምን ዓይነት መዳን ነው ይሄ?»

ያቺን ሰዓት እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። እኔ ኮራብኝ እያልኩ ሳኮርፍ እሱ ለካ መልስ እየጠበቀ ነበር። በየማክሰኞው እጆቼን ትክ ብሎ ያይ የነበረው ስፖንጁን እስክነቅለው ነው። እኔም በየማክሰኞው ልቡን በመድኃኒት ጠርጌ እየመለስኩለት ነበር። የእኔን ቆብ ያጠበበው፣ ራሱን ያቀላው፣ ቀዶ ጥገናውን ያስቀረው ለእኔ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ሳቅሁ፤ ስስቅ ደግሞ እንባዬ ወረደ። ቀጥሎ ያለችው ልብስ አጣቢ አንገቷን አስገብታ አየችኝና ምንም ሳትለኝ ወጣች።

ወረቀቶቹን ደረቴ ኪስ ከትቼ፣ ቆቡን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ደብዳቤዎቹ የእሱ ናቸው፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ የራሴን ብቻ እናገራለሁ።

ዶክተሩ አልጋው ግርጌ ቆሟል። እትዬ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እሱ ተቀምጧል፣ ራሱ በነጭ ፋሻ ታስሯል።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ስፖንጁን መቀየር ነበረብኝ፣ አልቀየርኩም። ቀኙ ወፍሮ ቆቡን ወደ ግራ አዝምሞታል። ራሱ ምንም አልሆነም። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ስፖንጅ ዝም ብሎ ይወፍራል?» አሉ እትዬ።

ምላሴን ነክሼ ቆቡን በእጄ አገላበጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጭምት ሆኜ አላውቅም።

እሱ ግን እኔን ሳይሆን ኪሴን እያየ ነበር። የአንዱ ወረቀት ጫፍ ወጥቷል። ቀስ ብሎ ተነሳ። «የ… የኔ ነው» አለ። «ደብ… ደብዳቤ። እኔ ነኝ… ውስጡ ያስገባሁት።»

ዶክተሩ ሳል መጣበት፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። ፊቴ ደም እንደመሰለ ይሰማኛል።

«አላነበብኩትም ነበር» አልኩት። «አንዱንም። ያነበብኩት ዛሬ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት። ስፖንጅ አልነበረኝም፣ ላዩን ብቻ ነበር የምጠርገው። ልሙት፣ አላየሁትም ነበር።»

ፊቱ ላይ የአንድ ወር ቅያሜ ሲረግፍ አየሁ። አፉን ከፈተ። «እና…»

«እና ምን፣ ልጄ፣ ውሃ—» አሉ እትዬ። ከዚያ አቆሙ። ራሳቸው ናቸው ያቆሙት። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን አዩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨርሱለት ዝም ብለው አዩት።

እሱ ቃሉን ይፈልጋል፤ ግንባሩ ላብ አወጣ። ቃሉ ቅርብ ነው ግን እጁ አልገባም። እኔ ምን ላድርግ? ከጋውኔ ኪስ የተጠቀለለ ክር አወጣሁ፣ መቀሴ ከአንገቴ አይለይም፣ አንድ ስንዝር ለካሁና ቆረጥኩ።

«መልሱ» አለ። «መልሱስ?»

«ሁለተኛው ላይ አንድ ያልሰረዝካት አለች» አልኩት። «እኔም አልሰርዛትም። ከአንተ በፊት ነበር የጀመርኩት፤ ስፖንጁን አንብበህ የለ?»

እትዬ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። የጫማቸው ድምፅ ኮሪደሩ ጫፍ እስኪደርስ ሰማሁት፤ ደስታዬ ላይ ያ ድምፅ ተቀመጠበት።

ቆዳው እስኪድን ሳምንት ጠበቁና በሚቀጥለው ሐሙስ አጥንቱን መለሱለት። «እንደ ሰዓት ሄደልን» አለኝ ዶክተሩ፤ ቆሜ ሳላስብ እጁን ሳምኩት። እኔ ግን ወደ ላይ አልወጣሁም። እትዬ ቀን ከሌት ከአልጋው ሥር አልተነሱም አሉ። እንዴት አድርጌ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልሂድ? ሊቀበሉኝ ካልፈለጉ በልጃቸው ቁስል ላይ አልጣላቸውም። እሱ ከሆስፒታል ሲወጣም ወሬውን ከጥበቃው ነው የሰማሁት። የተጠባበቅሁት አንድ ሰው ይወርዳል ብዬ ነበር፤ ማክሰኞ መጣች፣ ማንም አልወረደም። ለነገሩ ምን ብሎ ይወርዳል፤ ራሱ ሙሉ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ሹፌር የላቸውም፣ ብቻቸውን ናቸው። ቆቡን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«የማያስፈልገው ሰው ይመልስ ተብሏል» አሉ።

«ልከውት ይበቃ ነበር፣ እትዬ።»

በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። መሐረብ አላወጡም፤ ማየቴ አልቀረም። ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ አረፈ። «ይሄ ማነው?»

«ልጅዎ ነው።»

ተነሱና ጠጋ አሉ። የጀሶውን ራስ ብዙ አዩት። ከዚያ መዳፋቸውን ጎድጎዳው ቦታ ላይ አሳረፉ። «አራት ወር ሙሉ ከጎኑ ስቀመጥ ይቺን ቦታ ማየት አቅቶኝ ነበር» አሉ። «ዞሬ ነበር የምቀመጠው፣ በቀኝ በኩል። እንዳልጮህ ነው ሳላቋርጥ የማወራው። ያን ቀን አንቺን የተናገርኩሽ ነገር… ምልክቱን ያየሽው አንቺ ነሽ። እኔ ብሆን አላየውም ነበር።»

«ልጅዎን ስለሚወዱት ነው» አልኩ።

«አንቺስ?»

«እኔም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተመልሰው ተቀመጡና ቆቡን ሰጡኝ። «ስፖንጁን ክፈቺው። እንዲህ አድርገሽ ስጫት ብሎኛል። በፖስታ አድርገው ብዬው እምቢ አለኝ።»

ነቀልኩት። አንድ ወረቀት፣ አንዴ ብቻ የታጠፈ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጠበቁኝ። ሁለት መስመር ናት፤ አንድም ስርዝ የለባትም።

«ወደ ምድር ቤት የምወርድበት ምንም ምክንያት የለኝም። ማክሰኞ እመጣለሁ።»

ሦስት ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ፣ ግድግዳውን እያዩ።

«አላነበቡትም?»

«አንብበሽ ስትጨርሺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው» አሉ፤ «መጠበቅ እየተለማመድኩ ነው።»

መልሱን ለመስጠት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ጠፋብኝ። እትዬ አልቸኮሉም። ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ክር አንድ ስንዝር ሳቡ፣ መቀሱን አነሱና ቆረጡልኝ።